የተገለበጠው ቀስት

ይቅር ማለት ደግ ነው ይባላል። ልብ ብላችሁ ብትሰሙ ግን ይህን የሚሉት ብዙ ጊዜ በዳዮቹ ወይም የበዳዮቹ ዘመዶች ናቸው። እኔ ስልሳን ካለፍኩ ቆየሁ። ጉልበቴ ይቆረጥመኛል፤ መነጽሬን ግንባሬ ላይ ሰቅዬ ቤቱን ሁሉ እፈልገዋለሁ፤ ትናንት ምሳ ምን እንደበላሁ ብትጠይቁኝ አፍሬ ዝም እላለሁ። ተሾመ የበደለኝን ዕለት ግን እሱ የለበሰውን ልብስ ጭምር አስታውሳለሁ። ከታች እንደ ደወል የሰፋ ቡናማ ሱሪ፣ ኮሌታው ትከሻው ላይ የሚደርስ ክሬም ሸሚዝ፣ በሚዶ የተነፋ አፍሮ ጸጉር። ቆንጆ ልጅ ነበር፤ እሱን አልክድም። የወጋ ቢረሳ የተወጋ አይረሳ የሚለውን ተረት ያወጣ ሰው የእኔን ልብ ሳያየው አልቀረም።

ነገሩን የቀሰቀሰው ስልክ ነው። መርሳ ከተማ ባለው ቤቴ በረንዳ ላይ ነበርኩ። ጡረታ ከወጣሁ ወዲህ የአሥራ ሁለተኛ ክፍል ልጆች ቅዳሜ ቅዳሜ ጠዋት እየመጡ ፊዚክስ ይከልሳሉ። ጥቁር ቀለም የቀባሁት ጣውላ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል፤ ልጆቹ አግዳሚ ወንበር ላይ ተጣበው ይቀመጣሉ፤ የጓሮዬ ማንጎ ሲበስል ሽታው ከጠመኔው ብናኝ ጋር ይደባለቃል። መካኒክስ፣ የኤሌክትሪክ ፊልድ፣ ቅንጣቶች እያልን በየተራ እንሄዳለን። ዘንድሮም እንደ ወትሮው ድርጊትና አጸፋ ላይ ተይዘናል። እኩልና ተቃራኒ የሆኑ ሁለት ኃይሎች ተቻችለው ዜሮ ሆነው ለምን አይጣፉም ብዬ ብጠይቅ፣ ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ሳታመነታ ይጣፋሉ አለችኝ። ሌሎቹም ራሳቸውን ነቀነቁ። ባስተማርኩበት ዘመን ሁሉ የመርሳ ልጅ ይህን ጥያቄ እንዲሁ ነው የሚስተው። ከሌላ አገር የመጣ መምህር ስንፍና ይለዋል፤ እኔ ግን ከየት እንደመጣ አውቃለሁ። እኛ አገር ደም ሲፈስ ቄሱም ሼኩም ተሰብስበው ዛፍ ጥላ ሥር ይቀመጣሉ፤ ካሳ ይቆረጣል፤ ልጅ ለልጅ ይጋባሉ፤ ደሙ ደረቀ ይባልና ሁሉም ወደ እርሻው ይሄዳል። ያን እያየ ያደገ ልጅ እኩል ነገር ከተቃራኒው ጋር ሲገናኝ ምንም አይቀርም ብሎ ቢያምን አይፈረድበትም።

በሬና ቀንበር አምጥቼ ነው የማስረዳቸው። በሬው ቀንበሩን ይገፋል፣ ቀንበሩም በሬውን ይገፋል፤ ግፊታቸው እኩል ነው። አንደኛው ያረፈው ግን ቀንበሩ ላይ፣ ሌላኛው ያረፈው የበሬው ጫንቃ ላይ ነው። ቀንበሩ ስለተገፋ የበሬው የተላጠ ጫንቃ አይድንም። ይህን እየተናገርኩ ሳለ ነው ስልኩ የጮኸው። ወልድያ ያለው የድሮ ትምህርት ቤታችን የተመሠረተበትን ቀን ሊያከብር ነውና የኮሚቴው ልጅ በትሕትና ጋበዘኝ። አንቱ ካልመጡማ በዓሉ በዓል አይሆንም፣ እኛን የመርሳ ልጆችን ሁላችንንም ያስተማሩን አንቱ ነዎት አለኝ። ክፉው የጦርነት ጊዜ ቤተ መጻሕፍቱን ባዶ አድርጎት ስለሄደ አንድ የቀድሞ ተማሪ፣ አሁን አዲስ አበባ ትልቅ ሰው የሆነ፣ በካርቶን በካርቶን መጽሐፍ ይዞ እንደሚመጣ ጨመረልኝ። ስሙን ጠየቅሁት። ኢንጂነር ተሾመ አለኝ። ልጆቹ እያዩኝ እዚያው በረንዳ ላይ ብቻዬን ሳቅሁ።

ወልድያ ያን ጊዜ ለእኔ ዓለም ነበረች። ከመርሳ በአውቶቡስ ጣሪያ ላይ ከፍየልና ከጆንያ ጋር ተጭኜ ነበር የገባሁት። ጎንደር በር አካባቢ ጭቃ ቤት ተከራይተን ሦስት የገጠር ሴት ልጆች አብረን እንኖር ነበር። ስንቃችን የማሽላ ድርቆሽና በሶ ነው። አባቴ በገበያ ቀን ሲመጣ ግን ቤታችን ይለወጥ ነበር፤ ብርቱካኑን፣ ሎሚውንና ማንጎውን ሸጦ ሲያበቃ ሳይሸጥ ሆን ብሎ ያስቀረውን ይዞልን ይመጣል። ማንጎ በሳንቲም የሚሸጥበት ዘመን ነበር። በአሥር ሳንቲም እጅ የሚያቃጥል ፓስቲ ይገዛል፤ አሥራ አምስት ሳንቲም ያለው ሻይ ጠጥቶ ግማሽ ቀን ሻይ ቤት ተቀምጦ ዘፈን ይሰማል። ከአውቶቡስ መናኸሪያው አጠገብ የነበረው ሻይ ቤት ትልቅ ቴፕ ነበረው፤ ትዝታና አምባሰል ከጠዋት እስከ ማታ ይለቀቅበታል። ሰዒድ፣ የመርሳው ሰዒድ፣ የክፍላችን ቀልደኛ፣ የፊዚክስ ፎርሙላዎችን በአምባሰል ዜማ ያዜምልን ነበር። ኃይል የመጠነ ቁስና የፍጥንጥነት ብዜት መሆኑን እስከ ዛሬ ስናገር በልቤ የሚመጣው ዜማው ነው። እኔ የላስቲክ ኮንጎ ጫማ አደርግ ነበር፤ በሙቀት ይላላል፣ በብርድ ይደርቃል። የከተማዎቹ ልጆች ሸራ ጫማ ነበራቸው። ፖለቲካውን አታንሱብኝ፤ ሰልፍ ነበር፣ መፈክር ነበር፣ ያለቀሰም ነበር። እኔ የማስታውሰው ሸራ ጫማውን ነው።

ፊዚክስ የሚያስተምረን ህንድ ነበር። ቀጭን፣ ክራቫቱን በሙቀትም የማያወልቅ፣ ፊልድን «ፊልዱ» እያለ የሚጠራ ሰው። የሚያስተምርበት መጽሐፍ በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ አንድ ብቻ ነበር፤ ልባሱ ሰማያዊ ጨርቅ ስለሆነ ሰማያዊው እንለው ነበር። ወፍራም ነው፤ መጀመሪያ መካኒክስ፣ መሀል ፊልድ፣ መጨረሻ ቅንጣቶች። ክፍሉ በሙሉ በዚያ አንድ መጽሐፍ ነበር ለማትሪክ የሚዘጋጀው። ተራ ይያዝለታል፤ ተራህ ሲደርስ ዓርብ ወስደህ ሰኞ ትመልሳለህ። ተራዬ ሲደርስ መርሳ ድረስ ይዤው ሄድኩ። አባቴ ማንበብ አይችልም፤ ግን እጁን ታጥቦ፣ በጋቢው ጫፍ አድርቆ፣ ሽፋኑን በመዳፉ ዳሰሰው። በዚያ ቅዳሜና እሑድ ክፍሉ ገና ያልደረሰበትን የፊልድ ምዕራፍ ከጫፍ እስከ ጫፍ አነበብኩት።

በዚያ ምዕራፍ ውስጥ አንዲት ስዕል ነበረች። ሁለት ፕሌቶች ትይዩ ተቀምጠዋል፤ አንዱ ፖዘቲቭ፣ አንዱ ኔጋቲቭ፤ በመካከላቸው የፊልዱን አቅጣጫ የሚያሳዩ ቀስቶች። ጽሑፉ ፊልድ ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ ይሄዳል ይላል፤ ስዕሉ ላይ ግን ቀስቶቹ ከኔጋቲቭ ተነስተው ወደ ፖዘቲቭ ይሄዳሉ። ጉድ ነው ብዬ ደጋግሜ አየሁት። የተሳሳትኩት እኔ ነኝ ብዬ እንደገና አነበብኩ። ሰኞ ዕለት ለህንዱ አሳየሁት። መነጽሩን አውልቆ አየና ከት ብሎ ሳቀ፤ ማተሚያ ቤቱ ገልብጦታል፣ በዚህ ሁሉ ዓመት ያየሽው የመጀመሪያዋ ሰው ነሽ አለኝ። ጎበዝ የተባልኩት ብዙ ጊዜ ነው፤ እንደዚያ ቀን ግን የደስታ እንባ መጥቶብኝ አያውቅም። በዚያው ሳምንት የህንዱ ውል አለቀና አገሩ ገባ። ምስክሬ በአውሮፕላን ተሳፍሮ ሄደ ማለት ነው።

ዓርብ ቀጣዩ ባለተራ ሊወስደው ሲገልጠው ሰማያዊው ሆዱን ተቀዶ ተገኘ። የፊልዱ ምዕራፍ የለም፤ ከስፌቱ ላይ በምላጭ ተቆርጧል። እንዲህ ያለ ክፋት ያን ጊዜ የተለመደ ነበር። ማትሪክ ሲቃረብ አንዳንዱ መጽሐፉን ከሌላ መደርደሪያ ኋላ ይሸሽጋል፣ አንዳንዱ የሚፈልገውን ገጽ ቀዶ ይወስዳል፤ እሱ እንዲያልፍ ሌላው እንዲወድቅ። ዳይሬክተራችን የጭቃ ሹም ልጅ ስለነበሩ ፖሊስ አልጠሩም፤ በአባታቸው ወግ አውጫጭኝ ጠሩ። በመንደር ከብት ሲሰረቅ እንደሚደረገው የአሥራ ሁለተኛ ክፍልን ተማሪ በሙሉ ከኳስ ሜዳው ላይ አስቀመጡን። የአውጫጭኝ ሕጉ ይታወቃል፤ በዳዩ ካልታወቀ ማንም ወደ ቤቱ አይሄድም፣ እህል አይቀምስም። ማንም ፊት ለፊት አይጠቁምም፤ ወፍ የሚባል ስሙ የማይገለጽ ሰው ለተመረጡት ሽማግሌዎች በጆሮ ይናገራል። ፀሐዩ አናት ይበሳል። መጀመሪያ እያንዳንዳችን ተነስተን ምዕራፉን አልቀደድኩም ብለን ማልን። ተሾመ ሲነሳ ያን የሚያምር ኮሌታውን አስተካክሎ፣ እኔ ተራዬ ስላልደረሰ ሰማያዊውን አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም አለ። አሥር ጊዜ ብሞት ድምፁን አልረሳውም። ከዚያ ሽማግሌ የተደረጉት መምህራን ከዛፍ ሥር ተቀመጡ፤ ተማሪ በየተራ እየቀረበ በጆሯቸው ተናግሮ ይመለሳል። በመጨረሻ ዳይሬክተሩ ተነስተው ወፍ ተናግሯል አሉ። የተናገረው የእኔን ስም ነበር።

መጽሐፉን መጨረሻ የወሰድኩት እኔ ነኝ፣ ካርዱ ላይ ስሜ አለ። በቤተ መጻሕፍቱ ውስጥ ተቀምጦ የሚያነብ ግን አይፈርምም፤ ይህን ማንም አላሰበውም። አባቴ ተጠራ። አባቴ ስሙ ደመላሽ ነው፤ እንደ ስሙ ግን አልኖረም፣ ዝንብ የማይገድል ሰው ነበር። ከመርሳ ሌሊቱን ተነስቶ መጣ፤ ጠቡን አልፈለገም፣ አልጮኸም። ዳይሬክተሩ ፊት ጋቢውን መስቀለኛ አጣፍቶ ቆመና የእኔ ልጅ እንዲህ አታደርግም አላቸው። ወፍ ተናግሯል አሉት። እንግዲያውስ ልማል አለ። ወደ ቤተ ክርስቲያን ደጃፍ ሄዱ፤ መምህራኑም፣ ተማሪውም፣ ሥራ ፈቱም ተከተለ። አባቴ ነጠላ ጫማውን አውልቆ ደጃፉን ያዘ።

«ልጄ ይህን አድርጋ እንደሆነ የዘራሁት አይብቀል፣ ያሳደግሁት አይብሰል፣ ዘሬ ከምድር ይጥፋ» አለ።

ከኋላ አንድ ሰው ሳቀ። ለከተማ ሰው የገጠር ሰው መሐላ ሳቅ ነው። ዳይሬክተሩም መሐላውን አልተቀበሉትም፤ ከቤተ መጻሕፍቱ ታገድኩ፣ ስሜ ማስታወቂያ ሰሌዳ ላይ ወጣ። ከዚያ ወዲያ ከሰዒድ በቀር ማንም አስካለ ብሎ አልጠራኝም፤ ቀዳጇ ሆንኩ። በገበያ ቀን አባቴ ማንጎውን ዘርግቶ ሲቀመጥ የሆነ ጎረምሳ የቀዳጇ አባት፣ ስንት ነው ብሎ ጠየቀው። ዋጋውን ነገረው፣ ሸጠለት፣ የቀረውን ሰብስቦ ተመለሰ። ከዚያ ቀን ጀምሮ ወልድያ አልገባም። ማንጎውን ውርጌሳ መንገድ ዳር ላይ ላላፊ አግዳሚ በርካሽ ይሸጥ ነበር። ወልድያ ሩቅ ናት ይለን ነበር። ዓመታት አለፉ፣ ሞተ፤ ወልድያ ሩቅ እንደሆነች ቀረች።

ለማትሪክ የቀሩን ሳምንታት ሲያጥሩ ክፍሉ ከከተማው በታች ወንዝ ዳር በየቡድኑ እየተቀመጠ መከለስ ጀመረ። የእኛ ቡድን አለቃ ተሾመ ነበር። ሰዒድ እየጎተተ ይወስደኛል፤ እኔ ግን ከቡድኑ ትንሽ ራቅ ብዬ ሾላው ሥር እቀመጣለሁ፤ አጠገባቸው ስሆን ደብተራቸውን ያነሱ ነበር። አንድ ቀን ፊልድ ሲከልሱ ሌላው ሁሉ ባዶ ሆነ፤ ህንዱ ሳያስተምረው ሄዷል፣ ምዕራፉም የለም። ተሾመ እንጨት አንስቶ አሸዋው ላይ ሁለት ፕሌት ሣለ። ቀስቶቹንም ሣለ። ከኔጋቲቭ ተነስተው ወደ ፖዘቲቭ የሚሄዱ ቀስቶች፣ ልክ እንደ ሰማያዊው፣ ቁጥራቸው ሳይቀር። ይሄ ነው የፊልድ አቅጣጫ አለ በሙሉ ልብ። እንዲህ ያለ ስህተት ከራሱ አውጥቶ የሚሳሳት ሰው የለም፤ ያን ስዕል ያየ ሰው ብቻ ነው እንዲያ የሚስለው።

ተነስቼ አንገቱን ልይዘው ምንም አልቀረኝም ነበር። ግን ምን ብዬ ልናገር? ወፍ ከተናገረ በኋላ የቀዳጇን ወሬ ማን ይሰማል? ዝም አልኩ። አላረምኩትም። ልብ በሉልኝ፣ ይህን የምናገረው ተጸጽቼ አይደለም። በተገለበጠ ቀስት ፈተና ክፍል እንዲገባ ፈልጌ ነው ዝም ያልኩት፤ ዛሬም ቢሆን ዝም እል ነበር። ማታውን ለሰዒድ ብቻ ነገርኩት፤ እሱ ቀስቱን አቅንቶ እንዲፈተን። ሰዒድ ሁሉንም ሰማና ጭንቅላቱን ይዞ ተቀመጠ።

«አብሽሪ አስካሉ» አለኝ። «እውነትና ንጋት እያደር ይጠራል። ወላሂ አንድ ቀን በገዛ አፉ ያወጣዋል።»

በፈተናው ላይ ፊልድ ወጣ፤ ቀስቱን ጭምር ጠየቁ። ያቺን ጥያቄ ሠራሁ። የቀሩት ግን አንድ ጊዜ ብቻ ካነበብኩት፣ ደግሜ ላየው ካልቻልኩት ምዕራፍ ስለነበሩ ተደናበርኩ። ውጤት ሲለጠፍ ዩኒቨርሲቲ ለጥቂት አመለጠኝ። ተሾመ አለፈ። ያቺ ጥያቄ ባትኖር የበለጠ ያመጣ ነበር መባሉን ሰምቼ ትንሽ ቀዘቀዘልኝ፤ ትንሽ ብቻ። እኔ መምህራን ማሠልጠኛ ገባሁ። መጀመሪያ ሲሪንቃ ተመደብኩ፤ ከግብርና ምርምር ማዕከሉ የማሽላ ማሳ አጠገብ ለሕፃናት ሀ ሁ አስቆጠርኩ። በክረምት በክረምት እየተማርኩ ዲግሪዬን ያዝኩና መርሳ ሁለተኛ ደረጃ ፊዚክስ አስተማሪ ሆኜ ተመለስኩ። ሰው መምህርት አስካለ ለሙያዋ ሟች ናት ይላል። ሙያ አይደለም፤ ቂም ነው። ፊልድን ያለ መጽሐፍ፣ ከጭንቅላቴ፣ ከጫፍ እስከ ጫፍ አስተምር የነበረው ማንም ቀዶ የማይወስድብኝ ሰማያዊ ለመሆን ነው። የዛሬ ልጆች መጽሐፉን በስልካቸው ይዘው ነው የሚመጡት። ገጽ የሚቀደድበት ዘመን ነበር ስላቸው ይስቃሉ፤ እነሱ ፈተናውን ዩኒቨርሲቲ ድረስ ተጉዘው ነው የሚፈተኑት፣ ሐሳባቸው ሌላ ነው።

ወደ በዓሉ ሰዒድ ይዞኝ ሄደ። እሱ መርሳ መድኃኒት ቤት አለው፤ ጢሙ ነጭ ሆኗል፣ ቀልዱ ግን አላረጀም። አዳራሹ በፊኛ ተሸልሟል፣ ከድምፅ ማጉያው ትዝታ ይንቆረቆራል። የድሮ ጓደኞቻችን ከፊት ተቀምጠዋል፤ አንዱ ከዘራ ይዟል፣ አንዷ የልጅ ልጇን። ከመድረኩ ላይ ካርቶኖቹ ተደርድረዋል፤ አንዱ ተከፍቶ የአዲስ መጽሐፍ ሽታ አዳራሹን ሞልቶታል። ተሾመ ግራጫ ሱፍ ለብሷል። ገና ሲያየኝ እጆቹን ዘርግቶ አስካሉ ብሎ አቀፈኝ፤ ሦስት ጊዜ ሳመኝ። ያን ጊዜ ነው የገባኝ። እኔ በየቀኑ የማነሳው ነገር እሱ ዘንድ የለም፤ ረስቶታል። ከበደሉ ይልቅ መርሳቱ አንገበገበኝ። ንግግሩን ሲያደርግ፣ እኔ በመጽሐፍ እጦት የተንገላታሁትን ያህል እናንተ እንዳትንገላቱ ብዬ ነው አለ። ሰው አጨበጨበ። እኔም አጨበጨብኩ።

ተራዬ ሲደርስ የተነሳሁት ትምህርት አዘጋጅቼ ነው። ስለ ህንዱ ክራቫት፣ ስለ ሰዒድ አምባሰል ተናገርኩ፤ አዳራሹ በሳቅ ተንፈራፈረ። ስለ ሰማያዊው አወራሁ፤ ስለ መቀደዱ ግን ትንፍሽ አላልኩም። ከዚያ ከጎኔ ወደነበረው ሰሌዳ ዞር ብዬ ኢንጂነራችን ለእነዚህ ልጆች አንድ ነገር ሠርቶ ያሳያቸው አልኩ። ሁለት ፕሌት፣ በመካከላቸው ፊልድ፣ ልክ ሰማያዊው ላይ እንደነበረው። ደስ አለው። ጠመኔ ተቀብሎ ሣለ፤ ቀስቶቹን ከፖዘቲቭ ወደ ኔጋቲቭ አወረዳቸው። ትክክል ነው። ቀረብ ብዬ አየሁና ራሴን ነቀነቅሁ።

«አይ ኢንጂነር፣ ረስተኸዋል። ሰማያዊው ላይ እንዲህ አልነበረም» አልኩት።

ሰው ሳቀ፤ እሱም ሳቀ። ሰው ፊት ረስተኸዋል መባልን ግን ድሮም አይወድም። «አስካሉ ደግሞ! ሰማያዊው ላይማ ቀስቱ ተገልብጦ ነበር የታተመው። ማትሪክ ላይ ጉድ የሠራችኝ ያቺ ስዕል አይደለች እንዴ» አለ።

ከአፍ ከወጣ አፋፍ። ወጣቶቹ ይስቃሉ፤ ከፊት ያሉት የእኛ እኩዮች ግን አንድ በአንድ ሳቃቸውን አቆሙ። በዚያ ሜዳ ላይ በፀሐይ ተርበው የዋሉ ናቸው፤ እያንዳንዱ ሲምል የሰሙ ናቸው። ሰዒድ ቀስ ብሎ ተነሳ።

«ተሾመ» አለ፣ «ሰማያዊውን አንድም ቀን ገልጬው አላውቅም ብለህ አልነበር የማልከው? ታዲያ ያቺን ስዕል የት አየሃት?»

ጠመኔው በእጁ እንዳለ ቆመ። ከጓሮ የወፍ ድምፅ ይሰማ ነበር፤ ይህን ስናገር ሰዒድ አሁን እንኳ ጨመርሽበት ይለኛል። እኔ ማይክራፎኑን አነሳሁ። ይህን ቃል ጸጉሬ ጥቁር ከነበረበት ጊዜ ጀምሮ ሳዘጋጀው ኖሬያለሁ።

«አውጫጭኙ አልቋል» አልኩ። «አሁን ወደየቤታችሁ መሄድ ትችላላችሁ።»

ጣፈጠኝ። አልዋሽም፣ እንደ ማር ነው የጣፈጠኝ። የኮሚቴው ልጅ ሙዚቃ ክፈቱ እያለ ሲሯሯጥ፣ እኔ መጽሐፉን እያሸተትኩ ምሳዬን ረጋ ብዬ በላሁ። ያን ማታ እንደ ሕፃን ተኛሁ። በሳምንቱ ግን የጠበቅሁት መጣ፤ ተሾመ ቄስና ሼክ አስይዞ መርሳ ድረስ መጣ። ሽማግሌዎቹ ማንጎዬ ሥር ተቀመጡ። ተሾመ ድንጋይ ተሸክሞ እንደ ወጉ ቆመ። ቀዳጁም ወፉም እኔ ነበርኩ አለ፤ ልጅነት ነው፣ ፍርሃት ነው፣ ማለፍ ነበረብኝ። ሽማግሌዎቹ ለእግዜር ብለሽ፣ ለአላህ ብለሽ አሉኝ። ድንጋዩን አውርድ አልኩት፤ ቅጣትህ ሌላ ነው። የቀደድከውን ምዕራፍ በገዛ እጅህ ጽፈህ ታመጣለህ፤ በእስክሪብቶ፣ ከነስዕሉ፣ ቀስቱ ቀንቶ። ሽማግሌዎቹ የቀለድኩ መስሏቸው ሳቁ። እኔ አልሳቅሁም፤ እሱም የማልቀልድ መሆኔን ያውቃል።

ባለፈው ቅዳሜ ይዞት መጣ። ልጆቹ በረንዳው ላይ ያንኑ ድርጊትና አጸፋ ይከልሱ ነበር። ሌላ ወንበር ስላልነበረ ከአግዳሚው ጫፍ፣ ከእነሱ ጋር ተጣቦ ተቀመጠ፤ ትልቅ ሰው ጉልበቱ አገጩ ድረስ ተነስቶ። ጽሑፉ ያምራል፤ ድሮም እጁ ጥሩ ነበር። ቀስቶቹን በማስመሪያ አቅንቷቸዋል። ገጹን እየገለጥኩ ሳነብ ላብ በግንባሩ ይወርዳል፤ ልጆቹ ደግሞ ኢንጂነር ሲታረም አይተው ስለማያውቁ ትንፋሻቸውን ይዘዋል። የመጨረሻው ገጽ ላይ ስደርስ ጎንበስ ብሎ በቀስታ ጠየቀኝ።

«አስካሉ፣ አሁንስ ተጣፋ?»

ከፊት የተቀመጠችው ልጅ ቀና ብላ አየችኝ። ቀይ እስክሪብቶዬን ከጸጉሬ ውስጥ አወጣሁ።

«አጸፋው ያረፈው አንተ ላይ ነው» አልኩት። «ድርጊቱ ያረፈው አባቴ ላይ ነው። ተጣፋ አልተጣፋ፣ ሂድና እሱን ጠይቀው። የተቀበረበት ቤተ ክርስቲያን ከዚህ ቅርብ ነው፤ ሩቋ ወልድያ ናት።»

ከዚያ በመጀመሪያው ገጽ አናት ላይ ይደገም ብዬ ጻፍኩና መለስኩለት። በሁለት እጁ ተቀበለኝ። ቅዳሜ ይዞት ይመጣል።